ቀይ ስጎ በነጭ ጨርቅ

ግብዣው አንድ ቢሆን ኖሮ ማንም ከማንም ባልተጣላ ነበር። ሁለት ሆነና ቤቱ ገና ከማለዳው ታመሰ።

አንዱ የመጣው ከፈረንሳዩ ቤት ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው፣ በሩ ላይ ጓንት ያጠለቀ ዘበኛ የሚቆምበት፣ ከውጭ ሲያዩት ምግብ ቤት ሳይሆን ባንክ የሚመስለው። ሌላው ከጣሊያኑ ቤት ነው፤ አደባባዩ ጥግ ያለው፣ በመስኮቱ ሰዎች ሲስቁና ሹካቸው ላይ ፓስታ ሲጠቀልሉ የሚታዩበት። ሁለቱም ጋ ተራ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ሁለቱም ታዲያ ለአንዲት ሴት፣ ዛሬ ማታ ከነቤተሰብሽ መጥተሽ ያሰኘሽን ብዪ፣ ሒሳብ የሚባል ነገር አይነሳም ብለው ላኩባት። ሴትየዋ የሁለቱንም ቤት የጠረጴዛ ልብስ ስትተኩስ የኖረች ናት።

ቤተሰቡ የሚተዳደረው በላውንደሪ ነው። ከፊት ደንበኛ የሚቀበሉበት ባንኮኒ፣ ከሱ ኋላ ሲሠሩ ወለሉን የሚያንቀጠቅጡ ማጠቢያ ማሽኖች፣ ከዚያ የካውያው ጠረጴዛ፣ ከዚያ ደግሞ ጨርቅ የሚሰጣበት ጓሮ። መኝታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች የሚወጣው እንፋሎት ወለሉን ስለሚያሞቀው ብርድ የሚባል ነገር አያውቁም። አባት ያጥባል፣ በጋሪ ያመላልሳል። እናት ትተኩሳለች። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ከወጣች ወዲህ ታጣጥፋለች፤ ስታጣጥፍም ታወራለች። አባቷ ቁንጫ ይላታል። በማያገባት ወሬ መሃል ዘላ ስለምትገባ ነው፤ እሷ ግን ስለምፈጥን ነው እያለች ለሰው ታስረዳለች።

እናትየው ነገ ጠዋት ሆስፒታል ትገባለች። አፏ ውስጥ አልድን ያለው ቁስል ክፉው በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ የምላሷን ገሚስና የመንጋጋዋን አንድ ወገን ቆርጠው ሊያወጡት ነው። ከዚያ በኋላ ምግብ የሚገባላት በቀጭን ጎማ፣ በሆዷ በኩል ነው አሉ። አባትየው እስከ መቼ ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀና፣ ምንም ያልነካውን መስታወት በጋዋኑ ጫፍ ይወለውል ጀመር። መልሱም ያ መወልወል ሆነ። ስለዚህ የዛሬው እራት እንዲሁ እራት አይደለም። እናትየው በአፏ አኝካ፣ በምላሷ አጣጥማ የምትውጠው የመጨረሻው ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ከአፉ የሚያወጣው ግን የለም። በሱ ፈንታ የሚጨቃጨቁት ፈረንሳይ ወይስ ጣሊያን በሚለው ነው።

የአባትየው እህት፣ አክስት፣ የፈረንሳዩ ወገን ናት። የመጣችው ለማስታመም ነው ይባላል፤ እስካሁን ስታስታምም የታየችው የእጅ ቦርሳዋን ነው። አንድ ጊዜ የአለቃዋ ልጅ ሲያገባ እዚያ ቤት በልታለች። ይኸው እስከ ዛሬ ትበላዋለች። ሰሃኑ ትልቅ ነው፣ ምግቡ መሃሉ ላይ ጠብ የምትል ነገር ናት፣ አስተናጋጁ ከኋላ ቆሞ ትንፋሽህን ያዳምጣል፣ ክብር ማለት እሱ ነው እያለች ባንኮኒውን ትጠበጥባለች። ቁንጫ ደግሞ፣ ትንሽ ምግብ ለመብላት ዳገት መውጣት ምን ያደርጋል፣ እዚሁ ተቀምጠን ትንሽ እንብላ አለቻት። አባትየው የጣሊያኑ ወገን ነው፤ ግን ደፍሮ አይናገርም። አንዴ ጣሊያኑ ሞቅ ያለ ቤት ነው ይልና፣ እህቱ ስታፈጥበት፣ እንግዲህ እሷ እንዳለችው ብሎ ወደ ማሽኑ ይዞራል።

እናትየው ደግሞ ሥራዋ ላይ ናት። ካውያዋን እየገፋች፣ አንሶላ ላይ ያለች መጨማደድ እያሳደደች፣ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ጎረቤት የሚወራ ይመስል ዝም።

ቁንጫ ግን ታውቃለች። ከየትኛውም ቤት ያደፈ ጨርቅ ሲመጣ የምትቀበለው እናትየው ናት። የፈረንሳዩን ተቀብላ በቀጥታ ሳፋ ውስጥ ትከተዋለች። የጣሊያኑን ግን ትዘረጋዋለች፣ ቀይዋን ነጠብጣብ ትፈልጋለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። አንዳንዴም፣ ዛሬ ነጭ ሽንኩርቱን አሳርረውታል፣ ወይም ዛሬስ ቅጠሉን አብዝተውለታል ትላለች። ያን ሁሉ ዘመን ያን ስጎ በአፍንጫዋ ብቻ ስትበላው ኖራለች። ይሄ እራት ለምን እንደመጣ ለቁንጫ ከዚህ በላይ የሚያስረዳት አልነበረም፤ ያ የሚሸተት ነገር አንዴ እንኳ አፍ ውስጥ እንዲገባ ነው።

ታዲያ እናትየው ካውያውን አቁማ "ፈረንሳዩ ይሁን" ስትል ቁንጫ እጇ ላይ የነበረውን ናፕኪን ጣለችው።

አክስት እልል ልትል ምንም አልቀራት። አባትየው ቶሎ ብሎ ለጣሊያኑ ቤት ደወለና፣ በብዙ ምስጋና፣ ጠረጴዛውን ለሌላ ስጡት አለ። ከዚያም የፈረንሳዩን ንጹህ ጨርቆች ጋሪው ላይ ጭኖ ወጣ። ቁንጫ እናቷን ተከትላ ወደ ጓሮ ሄደች።

እናትየው የተሰጡት አንሶላዎች መሃል፣ ከየትም በማትታይበት ቦታ፣ ሳሙና የመጣበት ካርቶን ላይ ተቀምጣ ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ትበላ ነበር። አንዱ የከንፈሯ ወገን ሞቷል። ወተቱ በዚያ በኩል እየሾለከ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ እሷ አይሰማትም። አይሰማት እንጂ ታውቃለች፤ ከአገጯ ስር ፎጣ ይዛለች። በእያንዳንዱ ጉርሻ ትጠርጋለች፣ ፎጣውን ታያለች፣ እንደገና ትጠርጋለች። ቁንጫ እናቷ ሰሞኑን ከሰው ጋር መብላት የተወችው የምግብ ፍላጎቷ ጠፍቶ ነው ብላ ነበር። ሁሉም ያለው እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ ቀስ ብላ ልትመለስ አሰበች። ከዚያ ቁንጫነቷ አሸነፋት።

"እማዬ፣ የምትወጂው ጣሊያኑን አይደል እንዴ?"

"ማን ነገረሽ?" ቃሉ ከአፏ ጥግ ተንሸራቶ ነው የወጣው።

"አፍንጫሽ።"

እናትየው ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቁ በአንድ ወገን ብቻ መጣና መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ፎጣውን አጣጠፈች። የማንንም ፎጣ ስታጣጥፍ እንደምታደርገው ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝታ አጣጠፈችው።

"ስጎው ቀይ ነው" አለች። "የፈረንሳዮቹ ነጭ ነው፣ ክሬም ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ቢንጠባጠብ የሚያየው የለም። ቀዩ ግን ያሳብቃል። ያን ሁሉ ዓመት የሰው እድፍ ሳስለቅቅ ኖሬ፣ በገዛ ጨርቄ ላይ፣ በሰው ፊት… አይሆንም። ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ቁንጫ ፎጣውን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው ሲጨንቀው ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይጸልያል። ቁንጫ ሲጨንቃት ሐሳብ ይመጣላታል፤ ሐሳቧም ከጭንቀቱ ይብሳል። አክስት እናትየውን ጸጉር ቤት ይዛት ወጣች። አባትየው ከዳገቱ አልተመለሰም። ማሽኖቹ አጠገብ የጣሊያኑ ቤት የጠረጴዛ ልብስ ተከምሯል፤ ለማታ መድረስ ያለበት፣ ታጥቦ ካውያ ብቻ የቀረው። ግድግዳው ስር ደግሞ የአንድ ቴአትር አዳራሽ መጋረጃ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ አዲስ፣ ገና ውሃ ያልነካው። አባትየው ሲቀበለው፣ ይሄ ቀለም ይለቃል፣ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላ ጨርቅ አጠገቡ እንዳይደርስ ብሎ ነበር። ላውንደሪ ውስጥ ያደገ ሰው ገና አፍ ሳይፈታ የሚማረው ነው፤ ቀይና ነጭ አንድ ላይ አይገቡም።

ቁንጫ አንድ ላይ አስገባቻቸው። ውሃውንም አሞቀችው።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ጨርቁ ቀይ ከሆነ ስጎው አይታይም። እናትየው ስትመለስ፣ እዪ እማዬ፣ የጣሊያኑ ቤት ጨርቁን ሁሉ በቀይ ቀየረ፣ ይሄው ላኩት ትላታለች። እናትየውም ታያለች፣ ልቧ ያርፋል፣ ሐሳቧን ትቀይራለች። አባትየው ደውሎ ጠረጴዛ ያስመልሳል። በማሽኑ ክብ መስኮት ውሃው ቀይ ሆኖ ሲገላበጥ እያየች ቁንጫ በራሷ ብልጠት እስከ መደሰት ደርሳ ነበር።

ማሽኑ ቆመ። ከፈተችው። ቀይ ነገር አልወጣም። የወጣው ድድ ነው። የሕፃን ድድ የመሰለ፣ እዚህ ጋ የደመቀ፣ እዚያ ጋ የደበዘዘ፣ መሃል መሃሉ ላይ ሽፍታ እንደያዘው ገላ የተዥጎረጎረ ጨርቅ። በዚህ ላይ ቀይ ስጎ ቢያርፍበት ከነጩ ይብስ እንደሆነ እንጂ አይሻልም። አንዱን አውጥታ ለብርሃን ዘረጋችው፣ ሌላውን ዘረጋች፣ ከታች የተሻለ ይኖራል ብላ እስከ መጨረሻው አወጣች።

አባትየው ነው ቀድሞ የመጣው። ጋሪውን በር ላይ አቆመና ገባ፣ ጨርቁን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ልጁን አየ። ቢጮህ ይሻል ነበር። የሳሙናው ጆንያ ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቆይቶ፣ ለምን ብሎ ብቻ ጠየቃት። ቁንጫ ለምን እንደሆነ እንዳትናገር ታዝዛለች። እንዲያው ተሳሳትኩ አለች። አባትየው ይሄን ስህተት የሚሳሳት ሰው በዚህ ቤት እንዳልተወለደ ያውቃል። ግን ምን ያድርግ፣ ተነስቶ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር።

እናትየው ከአክስት ጋር ስትመጣ አምራ ነበር። ጸጉሯ ወደ ኋላ ተሠርቶ፣ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለአንድ አፍታ ያልታመመች መሰለች። አክስት ገና ከበሩ፣ ተነሱ እንጂ፣ ዘበኛው ይጠብቀናል እያለች ገባችና ቃሏን ሳትጨርስ ቀረች። እናትየው ወደ ጨርቆቹ ሄደች። አንዱን አንስታ በጣቶቿ አሸችው። ከዚያ መጋረጃው ላይ ዓይኗ አረፈ፤ ከዚያ ልጇ ላይ። እናትና ልጅ ተያዩ። እናትየው ገባት። ፎቅ ወጥታ ሰማያዊ ቀሚሷን አውልቃ፣ የሥራ ሽርጧን አስራ ወረደች።

"በረኪናውን አምጪ" አለች።

አክስት ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። አብደሻል ወይ፣ ነገ ሰውነትሽን ለሐኪም የምትሰጪ ሴት ዛሬ ሳፋ ውስጥ ልትገቢ ነው፣ እራቱስ፣ ጠረጴዛውስ፣ እኔስ በዚህ ጫማ ወዴት ልሂድ አለች። እናትየው የሞቀ ውሃ እየቀዳች ነበር። ቁንጫ ክንዷን ያዘቻት።

"እማዬ፣ ተይው። እኔ አጥበዋለሁ። በናትሽ ሂጂ።"

"አንቺ ያጠብሽውንማ አየሁት" አለች እናትየው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ነገ እኔ የለሁም። ይሄን ደንበኛ አባትሽ ካጣ ሌላ አይመጣለትም። እጄ እያለ ልሥራው።"

ሠሩ። እናትየው በረኪናውን መጠኑን እያየች ታፈስሳለች፣ አባትየው ያሻል፣ ቁንጫ ታለቀልቃለች። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ ለማልቀስ ለፈለገ ሰው ጥሩ ሰበብ ነው፣ ሁሉም ተጠቀመበት። ሮዙ አንዳንዱ ላይ ቶሎ ለቀቀ፤ አንዳንዱ ላይ ሙጭጭ አለ። ውጭ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። የባንኮኒው ስልክ ጮኸ፤ አክስት አነሳችው። ከፈረንሳዩ ቤት ነው፤ ትመጣላችሁ ወይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው ይላሉ። አክስት መነጋገሪያውን በእጇ ሸፍና ወደ እናትየው ዞረች። እናትየው ክርኗ ድረስ አረፋ ውስጥ ሆና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። አክስት ስልኩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና፣ እኔ እንግዲህ የሆስፒታል ሻንጣዋን ላዘጋጅ ብላ በባዶ እግሯ ወደ ፎቅ ወጣች።

ቁንጫ ያን ጊዜ ነው ያደረገችው ሁሉ የገባት። ፈረንሳዩ ሄደ። ጣሊያኑ በጠዋት ሄዷል። እናቷ ነገ አፏን ለቢላዋ ስትሰጥ፣ መጨረሻ ላይ የበላችው ካርቶን ላይ ተቀምጣ ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ ሊሆን ነው። ያደረገችው እሷ ናት። የሚያጥቡት ጨርቁን ሳይሆን ቀኑን መሰላት፤ ቢያሹት ቢያሹት አይመለስም።

እናትየው ጨርቆቹን እርጥብ እንዳሉ ተኮሰቻቸው። ካውያው እየጮኸ እንፋሎት ፊቷን ሸፈነው፣ አዲሱ የጸጉር ሥራዋ ወርዶ ግንባሯ ላይ ተለጠፈ። መንገድ መብራት ሲበራ ጋሪው ተጫነ። አባትየው ገፋ፣ እናትና ልጅ በግራና በቀኝ ሆነው ክምሩን ደገፉ። እናትየው ቤት ቅሪ ብትባልም እምቢ አለች፤ ሳይለቅ የቀረ ሮዝ ካለ ቀርባ ይቅርታ የምትለው ራሷ ናት።

የጣሊያኑ ቤት ሼፍ በወጥ ቤቱ የኋላ በር ነው የተቀበላቸው። ሰውዬው ሰፊ ነው፣ በሩን በራሱ ይዘጋዋል። ጠረጴዛዎቹ እርቃናቸውን ናቸው፣ እንግዳ እየገባ ነው፣ የት ነበራችሁ እያለ ተቀበላቸው። የላይኛውን ጨርቅ ገልጦ አየው። ጠርዙ ላይ የቀረችውን ሮዝ አየ። አፉን ከፈተ፣ እናትየውን አየ፣ ዘጋው። አስተናጋጆቹን ጠርቶ ክምሩን አስገባ። እናትየው ይቅርታ ልትለው ጀመረች፤ ቃላቱ ተደበላለቁባትና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ግድ የለም እትዬ፣ ነገ እንዴት እንደሚሆኑ እሱን ይንገሩኝ አላትና፣ መልሷን ሳይሰማ ድስቱ ሊያርርበት ስለሆነ ሮጠ። አባትየው አንገቱን ደፍቶ ጋሪውን አዞረ።

ከድስቱ የሚወጣው ሽታ በሩ ላይ ደርሷል። እናትየው አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ቁንጫ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ዘላ ገባች። ወጥ ቤቱ የቀለጠ ጦርነት ነው፤ እሳት፣ ሰሃን፣ የሚጮሁ ሰዎች። ሼፉ ልብሱን ስትይዘው ደነገጠ።

"አንድ ሳህን ስጡን" አለችው። "ጠረጴዛ አንፈልግም። አፏ ያፈሳል፣ ጨርቅ ስለምትፈራ ነው ያልመጣችው። ነገ ይቆርጡታል። አንድ ሳህን ብቻ።"

ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጥቶ ነበር። ሽንኩርት የሚከትፈው ሰው ቢላዋውን አቆመ። ከበሩ፣ አባትየው ሰምቷል፤ እናትየውም ሰምታለች። እናትየው ልጇን ያየቻት አስተያየት የጋለ ካውያ ነበር። አባትየው ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ፣ ከንፈሯን ዛሬ ገና እንዳያት ሰው አየው፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ጋሪው መለሰ።

ሼፉ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረውም፤ ጥድፊያ ላይ ነው። ሰው የሌለበት ብቸኛው ቦታ ቲማቲም የሚላጥበት የብረት ጠረጴዛ ነው፣ እዚያ ጋ፣ ከመንገዴ ውጡልኝ ብቻ አለና ሳህን አንስቶ ሞላ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው፤ ልጣጭ፣ ጭማቂ፣ ፍሬ። ጨርቅ የሚባል ነገር የለበትም።

እናትየው ወዲያው አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨመደደችው። ልትመለስ ነው ብላ ቁንጫ አሰበች። ከዚያ አባትየው ከኋላ ክንዷን ያዘ፤ አልገፋትም፣ ያዛት ብቻ። ገባች። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ሹካውን አነሳች።

የመጀመሪያው ጉርሻ በሞተው ወገን ሾልኮ ሽርጧ ላይ ወረደ። አልጠረገችውም። ሁለተኛው ገባ። አፏ ውስጥ ያዘችው፤ ለመዋጥ አልቸኮለችም። ከዚያ ፊቷ በሙሉ ተኮማተረ፣ እጇ የብረቱን ጠርዝ ጨበጠ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቁንጫ መጀመሪያ ደስታ መሰላት። ቀጥሎ ገባት። ቲማቲሙ ቁስሉ ውስጥ ገብቷል።

"ያቃጥላል?" አለቻት።

እናትየው ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"በቃ ተይው እማዬ። በቃሽ። ይቅር።" ሳህኑን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

እናትየው ሳህኑን በክንዷ ከለለችው፣ ምግቡን እንደሚቀሙት ሕፃን። አንድ ጎረሰች። አገጯ፣ አንገቷ፣ ሽርጧ ቀይ ሆነ። ሌላ ጎረሰች፣ አቃሰተች፣ ዋጠች። አስተናጋጆቹ በአጠገቧ ሰሃን ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ ማንም ቆሞ አላያትም፣ ጊዜ የለውም። አባትየው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ጣራውን ያያል።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ወደ ልጇ ገፋችው።

"ጨምሪልኝ" አለች።

ቁንጫ ሳህኑን አንስታ ወደ ድስቱ ሄደች።